የዩኒፎርም ወር፣ የአረም ወር

ነሐሴ ሲገባ መቀመጥ አልችልም። ዛሬም እንዲሁ ነኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ብድግ እላለሁ፤ ወዴት እንደምሄድ ግን አላውቅም። ይህ ጠባይ አብሮኝ የተወለደ አይደለም። ሁለት ሥራ በአንድ ወር የወደቀብኝ ዓመት ያመጣብኝ ነው።

ባለቤቴ ፎገራ ውስጥ፣ ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ውኃ የሚተኛበት የሩዝ ማሳ አለው። በተጋባን ሰሞን ክረምቱን የማሳልፈው ጭቃ ውስጥ ጎንበስ ብዬ ነበር። ሩዙ በብተና ስለሚዘራ መደዳ የለውም፤ በመሐሉ የሚገባ ጣት እንጂ መኮትኮቻ አይደለም። እሱ ያርሳል፣ ይዘራል፤ አረሙ የእኔና የአማቴ ነበር። የእሳቸው ወገብ ሲደክም የእኔ ብቻ ሆነ። አልቅቱን ከእግሬ እየነቀልሁ፣ ስድብ እያዘነብሁ አርም ነበር። ማንን እንደምሰድብ ራሴም አላውቀውም።

ከዚያ የአረም መድኃኒቱ መጣ። ባለቤቴ መርጫውን አዝሎ ማሳውን በአንድ ጠዋት ዞረው፤ ብዙም ሳይቆይ አረሙ ቢጫ ሆኖ ተኛ። ቅጠለ ሰፊው አረምም ሞተ፣ ሩዝ መስሎ የሚያሞኘን ሣርም ሞተ። በዚያ ክረምት የቀን እንቅልፍ ተኛሁ። በሠርጌ ሰሞን እንኳ እንደዚያ አላረፍሁም።

ወገቤ ሲያርፍ እጄ ሥራ ፈለገ። ከማግባቴ በፊት ሐሙሲት ከተማ አክስቴ ዘንድ ስፌት ተምሬ ነበር። ወረታ ላይ ጨርቅ የምትሸጥ ሙስሊም ሴት ነበረች፤ ጥቂት ስለምትበልጠኝ እታለም እላታለሁ። ሱቋ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና አላት፤ የሚሰፋላት ሰው ግን ጥሏት ሄዷል። እስቲ ሞክሪ አለችኝ። አንድ ሱሪ ቆርጬ ሰፋሁላት። ገልብጣ ስፌቱን አየችና፣

«ወላሂ! አንች እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» አለችኝ።

«ጭቃ ውስጥ» አልኋት።

ልቤ የሚሰክነው እዚያ በረንዳ ላይ ብቻ ነበር። የጎንደርና የባሕር ዳር መኪና ፊት ለፊቴ ያልፋል፤ ባጃጁ ይጮሃል፤ እኔ መርገጫውን እየረገጥሁ ሁሉን አያለሁ። ሰው በስሜ ጠርቶ ይመጣል፤ የእገሌ ሚስት ብሎ አይደለም። የዓመቱ ትልቅ ሥራ ደግሞ ነሐሴ ላይ ነው። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ወላጅ ሁሉ ዩኒፎርም ሊያሰፋ ይጎርፋል፤ የዘመን መለወጫ ቀሚስ ይጨመርበታል። በነሐሴ ያልተገኘ ልብስ ሰፊ በሌላ ጊዜ ቢኖር የሚፈልገው የለም።

ታዲያ ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ ሁለቱ ሥራ በወደቀብኝ ነሐሴ፣ አንድ ማለዳ ባለቤቴ ከማሳ ተመለሰና ቆሞ ውኃ ጠጣ።

«ሣሩ አልሞተም» አለኝ።

«የትኛው ሣር?»

«ሩዝ መሳዩ። ሌላው ሁሉ ነዷል፤ እሱ ምንም አልመሰለውም።»

ደግሞ ረጨ። መጠኑንም ከፍ አደረገው። የሩዙ ቅጠል ጫፍ ጫፉን ነደደ፤ ሣሩ ግን በአጠገቡ ያለው ስለሞተለት ቦታ አገኘና ይብስ ተንዠረገገ። ባለቤቴ መድኃኒቱ ውኃ ተቀላቅሎበት ነው ብሎ ከሻጩ ጋር ሊጣላ ተነሣ። መጀመሪያ እኔም ልየው ብዬ ማሳ ወረድሁ። ጎንበስ ብዬ ሳይ የሞተው ሣርና ያልሞተው ሣር ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ዓይነታቸው አንድ ነው።

«መድኃኒቱ የውሸት ቢሆን ይኸኛውን ማን ገደለው?» አልሁት።

ባርኔጣውን አውልቆ አራገፈ።

የቀበሌው የግብርና ሠራተኛ መጥቶ አየልን። በየዓመቱ አንድ ዓይነት መድኃኒት ሲረጭ ብዙው ሣር ይሞታል፤ የማይበግራቸው ጥቂቶች ግን ይተርፋሉ፤ ዘር የሚጥሉት እነሱ ናቸው፤ ከእነሱ የሚበቅለውም አይሞትም አለን። ቀጠለና፣ «ያለፈው ዓመት የተረፉትን ምን አደረጋችኋቸው?» ብሎ ጠየቀ። ሁላችንም ወደ አማቴ ዞርን።

አማቴ ሣሩ ሲተርፍ ደስ ይላቸው ነበርና። «ተይው ይደግ፤ ለላሚቱ ነው» ይሉኝ ነበር። ፎገራ ላይ ላም ያለው ሰው ለምለም ሣር በለጋነቱ ነቅሎ መጣል ያንገበግበዋል። እስኪጠና ይጠበቅና ይታጨዳል። ስናጭደው ግን ሣሩ ዘሩን ግማሹን ማሳው ላይ አራግፎ ነበር፤ ላሚቱ የበላችውም ከእበቷ ጋር ተመልሶ ማሳ ገብቷል።

«እንዲህ ከሆነማ ያረባሁት እኔ ነኛ!» አሉ አማቴ። ቁጣ ይሁን እፍረት አልለየሁትም። ማንም አልወቀሳቸውም፤ ቅቤውን ሁላችንም በልተነዋል።

ለከርሞ መድኃኒቱን ቀይሩ፣ ሩዙንም በመስመር ዝሩት አለ ባለሙያው። ለዘንድሮ ግን ሣሩ ራስ አውጥቶ ሳያዘረዝር በእጅ ተነቅሎ ከማሳ ይውጣ፤ ለከብትም አይሰጥ። «በእጅ» ሲል አሁንም ሁሉም ዞረ፤ የአሁኑ ወደ እኔ ነበር። ደሜ ፈላ።

«እጅ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ?» አልሁ።

«የምታውቂው አንች ነሽ። እኔ ብገባ ሩዙን ነው የምነቅለው» አለ ባለቤቴ።

ሣሩን ከሩዝ መለየት ዓይን ይጠይቃል። የሩዝ ቅጠል ከአገዳው በሚገናኝበት ላይ ስስ ነጭ ልጣጭ አለ፤ የሣሩ መላጣ ነው። ግን የበሬ ጥርስ አይቶ ዕድሜውን የሚናገር ሰው ይህን መማር እንዴት ያቅተዋል? አልቻለም ሳይሆን አልሞከረም። ይህንንም በፊቱ ተናገርሁ፤ እሱ ወንፈል እጠራለሁ ብሎ ወጣ። ወንፈል ግን አልተገኘም። መድኃኒቱ ከመጣ ወዲህ ማንም የማንንም አረም አላረመም፤ በዚያ ላይ የሁሉም ማሳ እንደኛው ሆኗል።

ወረታ ወረድሁና ለእታለም ነገርኋት። መኪናዋ ላይ የተቆረጠ የዩኒፎርም ጨርቅ ተከምሯል።

«እስከ መቼ ነው?» አለችኝ።

«ሣሩ ሳያዘረዝር እጨርሳለሁ።»

«የሣሩን ቀጠሮ እኔ በምን አውቃለሁ? የተማሪው ቀጠሮ መስከረም ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔ እጠብቅሻለሁ፤ ሰው ግን አይጠብቅሽም፣ እህቴ።»

ሁለቱንም እይዛለሁ ብዬ ተነሣሁ። ጠዋት ማሳ እገባለሁ፤ ከቀትር በኋላ እግሬን ታጥቤ በባጃጅ ወደ ወረታ እበራለሁ። አረም ሳርም አእምሮዬ ቁልፍ ይተክላል፤ መኪናው ላይ ስቀመጥ ሣሩ ራሱን ሲያወጣ ይታየኛል። ክሩን አስገብቼ እነሣለሁ፤ መንገዱን አይቼ እመለሳለሁ። «ምን ነክቶሻል፣ ወንበሩ ፈጀሽ?» ትለኛለች እታለም። አንድ ቀን ከጥፍሬ ያልወጣ ጭቃ የአንዲት ተማሪ ነጭ ኮሌታ ላይ ታተመ። አጠብሁት፣ አልለቀቀም። ፈትቼ በሌላ ጨርቅ ቀየርሁት።

ከዚያ በአንዱ ማለዳ ሣሩ ማዘርዘር ጀመረ። ያን ቀን ወረታ አልወረድሁም፤ በማግሥቱም አልወረድሁም። ያልሰፋሁት ዩኒፎርም ከልቤ ሳይወጣ ነቀልሁ። ባለቤቴ የነቀልሁትን በማዳበሪያ ከረጢት እየሞላ አወጣና ከፍ ያለ ቦታ ላይ አድርቆ አቃጠለው። አማቴ ድንበሩ ላይ በትር ይዘው ተቀምጠው ላሚቱን ከከረጢቱ ያባርራሉ፤ «ሂጅ! በአንች ነገር ነው የተዋረድሁት!» ይሏታል። በዚህ ብቻ ሳቅሁ።

ማሳው የጠራው ጳጉሜን ሲገባ ነው። እጄን በሎሚ ፈትጌ፣ የታጠበ ቀሚሴን ለብሼ ወረታ ወረድሁ። ባጃጁ ዘገየብኝና ከከተማው መግቢያ ወርጄ በእግሬ ሮጥሁ። በረንዳው ላይ አንዲት ወጣት ተቀምጣ መርገጫውን ትረግጣለች። አጠገቧ ታጥፎ የተደረደረው ዩኒፎርም እኔ የቆረጥሁት ነበር። እታለም ከሱቋ ወጣች።

«ወላጅ ደጄ ላይ ቆሞ ሲጮህ ምን ላድርግ?» አለችኝ።

«ደኅና ትሰፋለች?»

«ደኅና ነች» አለችና መሬት መሬት አየች። መቀሴን በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልላ አኑራልኝ ነበር፤ ሰጠችኝ። በእሷ አልተቀየምሁም፤ ባኮርፋት ይቀለኝ ነበር። አንድ ስፌት ጠማማ አገኝ እንደሆነ ብዬ የልጅቷን ሥራ አገላብጬ አየሁ። አልነበረም።

ስመለስ ባለቤቴ ማሳው ዳር ቆሞ ሁለት ጎረቤቶቹን ያስጎበኛል። ሩዙ ወጥ ሆኖ አዘርዝሯል፤ በመሐሉ አንድ ሣር የለም። እንዲያ ፊቱ በርቶ አይቼው አላውቅም። ሲያየኝ ወደ እኔ መጣና ሁለት እጄን ይዞ ወደ ሰዎቹ ዞረ።

«ይኸ እጅ ነው የሠራው!» አላቸው። ከዚያ ለእኔ፣ በፍቅር፣ «እንዲህ ያለ እጅ እያለኝ ለከርሞ መድኃኒት ምን ያደርግልኛል?» አለኝ።

እዚያው በሰው ፊት አለቀስሁ። እሱ የደስታ መሰለው።