ካንዴላው ላይ የተገኘው የኑግ ዘይት

ይህ የሆነው በደርግ ዘመን፣ ቤንዚን በኩፖን፣ የምግብ ዘይት ደግሞ በቀበሌ ሱቅ በወረፋ በሚታደልበት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንቱን ረስቻለሁ። ይህን ግን ባለቤቴ እንድረሳው አልፈቀደችልኝም።

ያኔ የምንኖረው ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር ነበር። አንዲት ያረጀች ፊያት ነበረችኝ። ስለ መኪና የማውቀው መሪዋንና ጡሩምባዋን ብቻ ቢሆንም የማወራው እንደ መሐንዲስ ነበር። አንድ ቀን አንድ ባለ ቬስፓ ቤንዚኑ ውስጥ ዘይት ሲቀላቅል አየሁት። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው፣ «ሲሊንደሩን ያለሰልሳል» አለኝ። ለእሱ ከጠቀመ ለእኔዋ አሮጊትማ መድኃኒት ነው አልኩ።

አብነት ጋራዥ ያለውን ከድርን አማከርኩት። «ጋሼ፣ የቬስፓ ሞተር ሌላ፣ የእርስዎ ሌላ። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ማለስለሻ አለ፤ እሱም በጠብታ ነው። ከበዛ ወይም ዓይነቱ ካልሆነ በደንብ አይቃጠልም፣ ካንዴላው ላይ ጥላሸት ይጋግራል» አለኝ። መኪናዬ ካልተበላሸች ምን ሊበላ ነው፣ ለራሱ ሰግቶ ነው ብዬ ተውኩት።

ማለስለሻውን ከየት ላምጣ? ቤት ውስጥ ያለው የኑግ ዘይት ነው። ቤንዚን በቀዳሁ ቁጥር አንድ አንድ ብርጭቆ በድብቅ ጨመርኩላት።

ባለቤቴ አስቴር ዘይቱ ቶሎ ቶሎ ሲያልቅባት የሱቁን ሻጭ አቶ በቀለን ጠረጠረች። አብሬያት ሄድኩ። እንዲያውም፣ «ይሄ እኮ ሕዝብን መበደል ነው» ብዬ የገሠጽኩት እኔ ነኝ። ሰውየው ላቡን እየጠረገ መስፈሪያውን አሳየን። አስቴር ግን አላመነችውም። ከቀበሌው በላይ ያለው ከፍተኛ ጽሕፈት ቤት ድረስ ሄዳ ልትከሰው ማመልከቻ ጻፈች። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ክስ ሰውን ከሥራ ብቻ አስወጥቶ አይቆምም። ይህን እያወቅኩ አፌን ዘጋሁ። ይባስ ብዬ፣ «ነይ፣ በመኪና ላድርስሽ» አልኳት።

አብነት አጠገብ ስንደርስ መኪናዋ ሳለች፣ ተንዘፈዘፈች፣ ቆመች። ከማርሚታዋ የሚወጣው ጭስ ሽንኩርት ብቻ የጎደለው ቁሌት ነው።

«ማነው በዚህ ሰዓት የሚጠብሰው?» አለች አስቴር፣ ማመልከቻዋን እንደያዘች።

ከድር መጥቶ ሞተሯ ያለበትን የኋላ ኮፈን ከፈተና አንድ ካንዴላ ፈታ። እንደ አረረ ድስት ጠቁሯል፣ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ጠጋ አድርጎ አሸተተው።

«ጋሼ፣ ይሄ የሞተር ዘይት አይደለም።»

ጠቀስኩት። ልጁ ጥቅሻ አይገባውም። «ዓይንዎን ጭሱ ነው?» አለኝ።

አስቴር ካንዴላውን ከእጁ ተቀብላ አሸተተችው። ዘይቷን እንደ ልጇ ነው የምታውቀው። ማመልከቻውን አራት ቦታ ቀደደችና፣ «ቅደም፣ በእግርህ» አለችኝ።

የሱቁ ወረፋ ፊት አቁማኝ፣ ዘይቱን የጠጣችው መኪናዬ መሆኗን ተናግሬ አቶ በቀለን ይቅርታ ጠየቅሁ። ሰውየው ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ «መኪናዋንም ከቤተሰቡ ጋር አስመዝግበዋት ቢሆን እኮ ራሽኗን ለብቻ እሰጣት ነበር» አለ። ወረፋው በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን አልሳቀም። መስፈሪያውን እንደገና አንስቶ ልኩን አሳየኝ።

የሞተሩን ጥላሸት ከድር በአንድ ከሰዓት በኋላ ፍቆ ጨረሰው። የዚያ መስፈሪያ ነገር ግን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። መኪናዋን ከሸጥኳት ብዙ ዘመን ሆነ። አሁንም ወጡ ዘይት አነሰው ካልኩ አስቴር ቀና ሳትል፣ «መኪናህን ጠይቃት» ትለኛለች። እኔም ደረቁን እበላለሁ።