ላውንድሪ ሩም ውስጥ የተጀመረው ዩኒቨርሲቲ

ከድራየር፣ ከልብስ ማድረቂያው፣ የወጣ ትኩስ ፎጣ ፊቴ ላይ ሳደርግ ሃያ ስድስት ዓመቴ ይመለሳል። ፀጉሬ ግን አይመለስም። የሞቀ ጥጥና የርካሽ ሳሙና ሽታ ነው፣ ከስሩ ትንሽ የተቃጠለ አቧራ ያለበት። ለሌላው ሰው የልብስ ሽታ ነው፣ ለእኔ ግን የዩኒቨርሲቲ። ሰው "የት ነው የተማርከው?" ሲለኝ "ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቤዝመንት፣ ከሦስተኛው ማጠቢያ ማሽን ፊት ለፊት" እላለሁ። ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። እውነቴን ግን ነው።

ይኸውልህ፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው፣ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዙሪያ። የምሠራው አሌክሳንድሪያ (የግብፁ ሳይሆን የቨርጂኒያው)፣ ወንዙ አጠገብ ካለ ሆቴል፣ የእንግዳ መኪና እየተቀበልኩ ማቆም ነበር። የራሴ ቶዮታ ጠዋት ጠዋት ተለምና ነበር የምትነሳው። ሥራ ላይ ግን መርሴዲስ እነዳ ነበር፣ ሃምሳ ሜትር ያህል። ለእናቴ "እዚህ መርሴዲስ እነዳለሁ" ብዬ ጽፌላታለሁ፤ ርቀቱን ስላልጠየቀችኝ አልነገርኳትም።

እዚያው ሆቴል ሂሳብ ክፍል አንድ የባንግላዴሽ ሰው ነበሩ። ሃምሳ ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸውን እስከ መጨረሻው ቁልፍ ድረስ የሚቆልፉ። የምንኖረውም አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ እሳቸው አራተኛ ፎቅ፣ እኔ ሁለተኛ ፎቅ ከአንድ ታክሲ ነጂ ጓደኛዬ ጋር። መኪና ስላልነበራቸው ወደ ሥራ የምወስዳቸው እኔ ነበርኩ። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም፤ ስለዚህ "ዩ" ባልኳቸው ቁጥር አንገቴን ትንሽ ዝቅ አደርግ ነበር።

"ፕሮፌሰር" ያልናቸው እኛ ነን እንጂ አንድ ቀን አስተምረው አያውቁም። ሕልማቸው ግን አገራቸው ተመልሰው፣ ዳካ ላይ የግል የቢዝነስ ኮሌጅ መክፈት ነበር። በግል ኮሌጅ መክፈት ገና መፈቀዱ ነው። ወንድማቸው ከአንድ ብስክሌት መሸጫ በላይ ሁለት ፎቅ አግኝቶላቸዋል። እንደደረሱ የሰፈሩን ወላጆች ሰብስበው በፊታቸው አንድ ትምህርት ሊያስተምሩ ነው። ወላጆቹ ከወደዱት ልጆቻቸውን ያስመዘግባሉ። ካልወደዱት፣ ሰውየው ሥራቸውንም ቤታቸውንም ለቀው ሄደው፣ በዚያ ዕድሜ ባዶ ወንበር ታቅፈው መቅረታቸው ነው።

"መለማመድ አለብኝ፣ ተማሪ ፈልግልኝ" አሉኝ አንድ ቀን መኪና ውስጥ።

ቀላል ነበር። እሁድ ከሰዓት የሕንፃው ሐበሻ ሁሉ ቤዝመንት፣ ከመሬት በታች ያለው ላውንድሪ ሩም፣ ወርዶ ልብስ ያጥባል። ልብሱን ማሽን ውስጥ ያስገባ ሰው ደግሞ እስኪታጠብ የትም አይሄድም። እንዲህ አድርጌ ነው ተማሪ የያዝኩላቸው፦ እኔ፣ ታክሲ ነጂው ጓደኛዬ፣ ነርሲንግ ሆም፣ አረጋውያን መጦሪያ፣ የምትሠራ አንዲት ጎረቤታችን፣ እና ጋሼ ዳኛው። ጋሼ ዳኛው አገር ቤት ዳኛ የነበሩ፣ እዚህ ከእኔ ጋር ፓርኪንግ ትኬት የሚቆርጡ ትልቅ ሰው ናቸው። ካልሲ ሲያጣጥፉ እንኳን ችሎት የተሰየመ ነበር የሚመስለው።

ከጣሪያው ስር ባለችው ጠባብ መስኮት የሰው እግር ይታያል፣ ትንሽ ፀሐይም ትገባለች። ፕሮፌሰሩ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳቸውን ድራየር ላይ አስደግፈው ይጽፋሉ። ማሽኑ መጭመቅ ሲጀምር ሰሌዳው ይንቀጠቀጣል፣ ጠመኔው ይዘላል፣ እሳቸው ግን አያቆሙም። እንዴት እንደሚፈጥኑ! በተለይ ዲፕሪሲየሽን የሚሏት ነገር ነበረች፣ የዕቃ እርጅና ሂሳብ። አምስት እሁድ እሷን አስተማሩን። አምስቱንም እሁድ አልገባኝም።

ግን ትልቅ ሰው ደክሞ እያስተማረህ "አልገባኝም" ትላለህ? እኛ እንዳደግነው፣ አንድ ነገር ባሉ ቁጥር ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን። ታውቃታለህ፤ አዎ፣ እየሰማሁ ነው፣ ይቀጥሉ የምትለዋን። አራታችን እኩል ስንስባት የክፍሉ አየር የሚያልቅ ይመስል ነበር። ፕሮፌሰሩ ደግሞ በትምህርታቸው ተደንቀን ትንፋሽ ያጠረን መሰላቸው! ለወንድማቸው ሳይቀር ጽፈዋል፦ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎቼ በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ይደነቃሉ ብለው።

"ገባችሁ?" ይላሉ በመጨረሻ።

"በሚገባ፣ ፕሮፌሰር" ይላሉ ጋሼ ዳኛው ስለ ሁላችንም።

ኋላ ሊፍት ውስጥ ጓደኛዬን "ምንድን ነው ያሉት ዛሬ?" እለዋለሁ።

"እኔ ምን አውቄ? ሰውየው ግን ደስ ይላሉ።"

"ድምፃቸውማ" ትላለች ጎረቤታችን፣ የልብስ ቅርጫቷን በጉልበቷ ደግፋ፣ "ነርሲንግ ሆም ብወስዳቸው የእንቅልፍ ክኒን ያስቀሩልን ነበር።"

እንዲህ እየሳቅን የበረዶው ክረምት አለፈ።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ወደ ሥራ ስንሄድ፣ ዊልሰን ብሪጅ ላይ ቆምን። ያ ድልድይ ያኔ መርከብ ሲመጣ መሃሉ ተከፍቶ ወደ ላይ ይነሳል፣ ሃይዌዩም ቀጥ ይላል። ሰው ሞተር አጥፍቶ መስኮት ከፈተ። የወንዝ ሽታና የናፍጣ ሽታ ገባ።

"ትኬት ቆርጫለሁ" አሉኝ። "ለሆቴሉም ነግሬያለሁ። ሚያዝያ ላይ እሄዳለሁ።"

እንኳን ደስ አለዎት ልል አፌን ስከፍት፣ ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ለወላጆች የሚበተነው የኮሌጁ መግለጫ ነው። መሃሉ ላይ ባዶ ቦታ ትተዋል።

"እዚህ ላይ የተማሪ ቃል ይገባል። ያንተን መርጫለሁ። ዲፕሪሲየሽን ምንድን ነው? በራስህ አባባል ንገረኝ።" እስክሪብቶአቸውን ከፈቱ።

ሬዲዮ ነካካሁ። መስታወት አስተካከልኩ። መርከቧ ቀስ ብላ ነው የምታልፈው፤ እንደዚያ የማትቸኩል መርከብ ከዚያ ወዲህም አይቼ አላውቅ።

"በራስህ አባባል" አሉ ደግመው።

"ፕሮፌሰር፣ አልገባኝም።"

"የቱ ጋ?"

"ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።"

ሳቁ። ያኔም ቀልደኛ ነበርኩ፣ ፍዳዬም እሱ ነው፤ እውነት ስናገር ሰው ቀልዱ እስኪመጣ ይጠብቃል። ጠበቁ። አልመጣም።

"ሌሎቹስ?"

"እነሱም።"

"ዳኛውስ?"

"እሳቸውማ በተለይ።"

"ያ ትንፋሽስ?"

"እየሰማሁ ነው ማለት ነው። እናቴ ስልክ ላይ ሳትሰማም ታደርገዋለች።"

ወረቀቱን አጠፉት። ወደ ኪሳቸው ሊመልሱት ሲሉ እጃቸው ኪሱን አጣው፤ ሦስት ጊዜ ሞከሩ። ድልድዩ ወረደ፣ ከኋላችን ያለው ሁሉ ክላክስ ነፋብን። 

በማግስቱ ወደ ሥራ በአውቶቡስ ሄዱ። እሁድ አልወረዱም። በሚቀጥለውም እሁድ እንዲሁ። ጋሼ ዳኛው ላውንድሪ ሩም ውስጥ አፋጠጡኝ።

"አንተ ልጅ፣ ምን አደረግህ? ሰውየው አገሩ የሚገባበትን ልብ እኮ ነው የወሰድክበት!"

"ጋሼ፣ እርስዎ ገብቶዎት ነበር?"

አንድ ካልሲ አጣጠፉ። ሁለተኛውን አጣጠፉ። "ጉዳዩ መግባት አለመግባቱ አይደለም" አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው ግን የፈራጅ ድምፅ አልነበረም።

ሦስተኛው እሁድ ላይ በሩ ተከፈተና ፕሮፌሰሩ ገቡ። ሰሌዳ አልያዙም፣ የቆሸሸ ልብስ በከረጢት ይዘዋል። ልብሳቸውን ማሽን ውስጥ ከተው በሩ አጠገብ ያለችው ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጡ።  ከዚያ ወደ ጋሼ ዳኛው ዞሩ።

"ዲፕሪሲየሽን ምንድን ነው፣ ጌታዬ?"

ማሽኑ ዞረ። ጋሼ ዳኛው የያዙትን አስቀመጡና ከመቀመጫቸው ተነሱ። ኮታቸውን ቆለፉ።

"አላውቅም" አሉ።

ፕሮፌሰሩ ቀና ብለው አዩአቸው። "ጥሩ" አሉ። "ትምህርት ዛሬ ተጀመረ።"

ማስተማር አልጀመሩም፣ እኛን ነው የጠየቁን። ይህ ሦስተኛው ማሽን ውሃ ማንጠባጠብ የጀመረው መቼ ነው? ጎረቤታችን ታውቃለች፣ ካልሲዋን አበላሽቶባታል። ከዚያ በፊትስ? ድምፅ ነበረው፣ አለ ጓደኛዬ፣ እንደ ታመመ ሰው ያቃስታል። ከዚያ በፊትስ? ሲገዛስ? እንዲህ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ሲወስዱን፣ ድንገት አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ብልጭ አለ።

"ቆይ፣ ቆይ" አልኩ። "ማሽኑ የሚሞተው የተበላሸ ቀን አይደለም ማለት ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየሞተ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይለቀስለታል። አለዚያ አንድ ቀን ለቅሶው በአንዴ ይመጣብሃል።"

"ድገመው" አሉ ፕሮፌሰሩ። ያቺን የታጠፈች ወረቀት አውጥተው ጻፉት። እኔ የተናገርኩትን ሰው ሲጽፍ ያየሁት ያን ቀን ነው፣ የትራፊክ ፖሊስ ካልተቆጠረ።

ከዚያ በኋላ ሕግ ወጣ። ትምህርት ከመጀመሩ በፊት አንዳችን ሰማያዊዋ ወንበር ላይ እንቀመጥና ያለፈውን እሁድ ትምህርት መልሰን እንነግራቸዋለን። ካቃተን "አላውቅም" እንላለን፣ እንደገና ከሀ ይጀምራሉ። ያቺን ወንበር እንዴት እንሸሻት ነበር! ጓደኛዬ ንጹሕ ልብስ ሁለተኛ ማጠብ ጀምሮ ነበር፣ ማሽን ጋ የሚቆምበት ምክንያት ሲያጣ።

ሚያዝያ ላይ ደለስ ኤርፖርት አደረስኳቸው። ቶዮታዬ ያን ቀን ሳትለመን ነው የተነሳችው። ሊለዩኝ ሲሉ እጄን ያዙ።

"እዚያም እንደዚያ ያለ ወንበር በየክፍሉ አደርጋለሁ። 'የሹፌሩ ወንበር' እለዋለሁ። አንተ ደግሞ ና፣ ሬጅስትራር አደርግሃለሁ። ማን እንደገባውና ማን እንዳልገባው የምታውቅ አንተ ነህ።"

ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አደረግኩ።

"ይቺ የትኛዋ ናት?" አሉኝ።

"እመጣለሁ" አልኳቸው።

ደብዳቤ ይጽፉልኝ ነበር። ወረቀቱ የብስክሌት ጎማ የሚሸት ይመስለኝ ነበር፣ የራሴ አፍንጫ ይሆናል። በዚያ በወላጆቹ ስብሰባ ላይ አስተምረው ሲጨርሱ አንዱን አባት "መልሰህ ንገረኝ" አሉት። አባትየው ተነስቶ አልገባኝም አለ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ጠመኔ አንስተው እንደገና ጀመሩ። መጀመሪያ ልጁን ያስመዘገበው እሱ አባት ነው። ከዚያ ብስክሌት ሻጩ ለቀቀና ምድር ቤቱን ያዙት። ቆይተው የጀርባውን ሕንፃ። ቆይተው ከከተማ ወጣ ብሎ መሬት። አንድ ቀን ደግሞ ደብዳቤው አናት ላይ "ኮሌጅ" የሚለው ቃል ቀርቶ "ዩኒቨርሲቲ" መጣ። መጨረሻው መስመር ግን ሁሌ አንድ ነው፦ "የሬጅስትራሩን ወንበር ለሌላ አልሰጠሁም።" መቼም በባዶ ወንበር ዩኒቨርሲቲ እንደማይመራ አውቃለሁ። ደስ ይለኝ ነበር ግን።

እኔ አገባሁ፣ አስፐን ሂል ወደሚባል ሰፈር ገባሁ፣ ልጅ ወለድኩ። የመጨረሻውን ደብዳቤ ጥሩ መልስ ልጽፍለት ብዬ አስቀመጥኩት። እስካሁን እንደተቀመጠ አለ።

ባለፈው ቅዳሜ ፎጣ ከድራየር ሳወጣ ልጄ ስልኳን ይዛ ወረደች። የላውንድሪ ሩሙን ታሪክ በቀልድ በቀልድ ስለምነግራት፣ ዩኒቨርሲቲውን ፈልጋ አግኝታዋለች።

"ዳድ፣ ኢዝ ዚስ ዩር ላውንድሪ ጋይ?"

የላውንድሪው ሰውህ ይህ ነው ወይ ማለቷ ነው፤ ስልኳ ላይ ያለው የዩኒቨርሲቲው "ታሪካችን" የሚል ገጽ ነው። ከብስክሌት ሱቅ በላይ፣ በሁለት ፎቅ ተጀመረ ይላል። ስለ እኛ ቤዝመንት ምንም የለም። አንድ ፎቶ ግን አለ፦ መስታወት በመስታወት የሆነ ክፍል፣ ውድ ውድ ወንበሮች፣ በሩ አጠገብ ደግሞ አንዲት ሰማያዊ ፕላስቲክ። ከስሩ፣ እያንዳንዱ ትምህርት የሚጀምረው አንድ ተማሪ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው፣ የቆየ የአገራችን ልማድ ነው ይላል። በጣም ሳቅኩ። ጋሼ ዳኛው ይህን ቢሰሙ ይግባኝ ይሉ ነበር።

ልጄ ገጹን ወደ ላይ ገፋችው። ፕሮፌሰሩ ነበሩ፣ ሸሚዛቸው እስከ መጨረሻው ቁልፍ ተቆልፎ። ከስማቸው በፊት መሥራቻችን፣ ነፍሳቸውን ይማር የሚል ነገር ተጽፏል። ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸዋል።

ለቅሶው በአንዴ መጣብኝ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አላደረግኩትማ።

"ኦ፣ ዳድ" አለችና፣ ወለሉ ላይ ከተቀመጥኩበት፣ አጠገቤ ቁጭ አለች። "ሁሉን ንገረኝ። ጆኩን ሳይሆን።"

ነገርኳት፣ እንደነገርኩህ። ስጨርስ "ገባኝ" አለች።

"መልሰሽ ንገሪኝ።"

በዚያ በሚሰነካከል አማርኛዋ ጀመረች። "ሰውዬው ላውንድሪ ውስጥ አስተማረ። እናንተ ገባን አላችሁ፣ አልገባችሁም። አንተ እውነት ነገርከው። አዘነ፣ ግን ተመለሰ። ከዛ አገሩ ሄደ። ወንበር ጠበቀልህ።" ስልኳን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። "አንተ አልሄድክም። ለምን አልሄድክም?"

ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጁ ቀልዶች ነበሩኝ። ቶዮታዬ ውቅያኖስ አትሻገርም የሚል አለ። ግሪን ካርድ ያለበትም አለ። 

"አላውቅም" አልኳት።

ፎጣውን ከእጄ ወሰደች። ቀዝቅዞ ስለነበር መልሳ ድራየር ውስጥ ከተተችው።