ካፒቴን አስናቀና በኖራ የተቀባው ድንጋይ

ካፒቴን አስናቀ ማረፋቸውን የሰማሁት ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ነው። በዕድሜ ጠግበው፣ በቤታቸው፣ በአልጋቸው ላይ እንዳረፉ ልጃቸው ደውላ ነገረችኝ። አለቀስኩ፤ ወዲያው ደግሞ ሳላስበው ሳቅ አመለጠኝ። ስማዳ ይመላለሱ በነበረበት ዘመን፣ ጥንቃቄያቸው የሰለቸው ሰው ሲያጉረመርም «እኔ ሸምግዬ አልጋዬ ላይ ነው መሞት የምፈልገው» ይሉን ነበር። ተሳካላቸው።

በዘጠናዎቹ ዓመታት፣ መንገዱ በዝናብ ሲቆረጥ፣ በትንሿ አውሮፕላናቸው መድኃኒትና ክትባት ወደ ስማዳዋ ከተማ ወገዳ የሚያደርሱልን እሳቸው ነበሩ። እኔ የጤና ጣቢያው ነርስ ስለነበርኩ እቀበላቸዋለሁ። ማረፊያው ጫፉ ገደል የሆነ የከብት ማሰማሪያ ሜዳ ነው። ከመነሳታቸው በፊት ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር በእግራቸው ይሄዱበታል። ተሳፋሪውንም ሁሉ ከእህል ነጋዴ በተዋስነው ሚዛን ይመዝናሉ። አንድ መሪጌታ «እኔ ጤፍ ነኝ እንዴ?» ብለው ቢቆጡ፣ ካፒቴን ቀድመው ሚዛኑ ላይ ወጡና «አባታችን፣ ጤፍስ ሁላችንም ነን፤ እርስዎ ማኛው ነዎት» አሏቸው። መሪጌታው እየሳቁ ተመዘኑ።

በሜዳው ወገብ ላይ ደግሞ በኖራ ያስቀቡት ድንጋይ ነበር። «እዚህ ስደርስ አውሮፕላኗ ካልቀለለችልኝ እቆማለሁ። ይህን የምወስነው ሳልነሳ ነው፤ እየሮጡ መማከር አይሆንም» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ታናሽ እህቴ ውቢት ምጥ ጠናባት። ያለ ቀዶ ጥገና እንደማትገላገል ስላወቅን፣ ካፒቴን ወደ ባሕር ዳር ሊወስዷት መጡ። እናቴና እኔ አብረን ልንሄድ ተመዘንን፤ ተሳፈርን። ሞተሩ ጮኸ፤ ተንደረደርን። ነጩ ድንጋይ ጋ ስንደርስ ካፒቴን ፍሬን ያዙ።

«ካፒቴን፣ እህቴ እየሞተች ነው እኮ!» ብዬ ጮኽሁ።

«ስለማውቅ ነው የቆምኩት» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ።

ተመልሰው የኋላውን በር ከፈቱ። ከብርድ ልብሱ ሥር አንድ ማድጋ ማር፣ የቅቤ ቅልና ትልቅ ከረጢት በሶ ተገኘ። ከሚዛኑ በኋላ፣ ካፒቴን ሜዳውን ሲያዩ፣ ዘመድ እየተቀባበለ ያስገባው ነው። ሲደመር አንድ ሰው ያህላል።

እናቴ አፈረች፤ ግን አልተረታችም። «ታዲያ ልጄን ይዤ ሰው አገር ባዶ እጄን ልግባ? ሰው ምን ይለኛል?»

ካፒቴን ማድጋውን አቅፈው አወረዱት። «እናቴ፣ ማሩ ይቆየኝ፤ እኔው መጥቼ እበላዋለሁ። አሁን ውቢት ትቅደም።»

እንደገና ስንነሳ፣ ድንጋዩ ጋ ሳንደርስ መሬቱን ለቀቅን። ውቢት በዚያው ቀን በሰላም ሴት ልጅ ታቀፈች። ካፒቴንም በሚቀጥለው ጉዟቸው መጥተው ማሩን በሉ፤ በልተው ሲጨርሱ ተነሥተው እንደገና ተመዘኑ።

ካፒቴን፣ ዛሬ መንገዱ ተሠርቷል፤ ሜዳውም ለከብቱ ተመልሷል። ድንጋይዎን ግን የውቢት ልጅ በየፋሲካው ኖራ ትቀባዋለች። ናፍቀውናል። እናቴ አርጅታለች፤ ለአርባዎ ያንኑ ማድጋ እስከ አፉ ሞልታ፣ «እንግዲህ ማን አውርጂ ይለኛል?» እያለች ታለቅሳለች። ደኅና ይሂዱ፣ ካፒቴን። ማሩን ግን በዚህኛው ጉዞ አናወርድም።