ጥድፊያና ድመቷ በአንድ ክፍል

ሰፈሩ «ጥድፊያ» ይላታል። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከጥድፊያዋ ብዛት መርፌ በከንፈሯ ይዛ ታወራለች፣ እየሄደች ትለካለች። ልጇ የመጀመሪያ ልጇን በተገላገለች ሰሞን ግን ኢንፍሉዌንዛ ጣላትና ያቺ መቀመጥ የማታውቅ ሴት ስፌት ክፍሏ ውስጥ ተዘጋባት።

«የልጅ ልጄ ሳላቅፋት ልትድህ ነው!» ትላለች።

«ሳሉ ይልቀቅሽና ታቅፊያታለሽ፣ እማዬ» ትላታለች ልጇ ከበሩ ወዲያ ሆና።

ምግቧ ደጃፍ ላይ ይቀመጣል፤ ሳህኗ ለብቻው ይታጠባል። ሰው ሁሉ ተጠነቀቀ፤ ድመቷን ግን ከቁጥር ያስገባት አልነበረም። ሲመሽ በመስኮት ገብታ ጥድፊያ ጉያ ትተኛለች፤ ሲነጋ ሄዳ ሕፃኗ እግር ስር ትጠቀለላለች።

አንድ ጠዋት እዚያው አስነጠሰች። ደገመች።

«ይማርሽ» አለ አማችየው ሳያስበው። ወዲያው ብድግ! «ለካ በሽታውን ቤታችን ያስገባችው እሷ ናት! ጆንያ አምጡልኝ፣ አሁኑኑ ወስጄ እጥላታለሁ!»

ጥድፊያ በሯን ከውስጥ ደበደበችው። «ንካትና ወጥቼ ፊትህ ላይ ባልስል ምን አለ በለኝ!»

ማስፈራሪያው ሠራ። ከጆንያው በፊት የእንስሳት ሐኪም ተጠራ። ሐኪሙ የድመቷን ደረት አዳመጠ፣ ከማን ጋር እንደምትተኛ ጠየቀ፣ ከዚያም ወደ ተዘጋው በር ዞረ።

«እናቴ፣ ቀድመው የታመሙት እርስዎ ነዎት። ብዙ ጊዜ ባይሆንም ሰው ለድመት ያስተላልፋል። ያስያዟት እርስዎ ሳይሆኑ አይቀሩም። መጣል አያስፈልግም፤ እስክትድን ግን ከሕፃኗ ትራቅ።»

 

«በሉ አምጧት» አለች ጥድፊያ ከበሩ ወዲያ። «ያስያዝኳት እኔ፣ የማስታምማትም እኔ!»

የስፌት መኪናዋ ወዲያው ተንጣጣ። አሮጌ አጎበር ደራርባ ሰፍታ መስኮቱ ላይ ወጠረችው፤ ነፋስ ያስገባል፣ ድመት አያስወጣም። ከዚያ ወዲህ ከክፍሉ ማስነጠስ በተሰማ ቁጥር ልጇ «ይማርሽ!» ትላለች።

«ለማናችን ነው?»

«ለቀደመችው!»

ሁለቱም ዳኑ። የእሷም የድመቷም ሐኪሞች ፈቀዱ፣ በሩ ተከፈተ። ጥድፊያ እንደ ጥይት ስትወጣ አማችየው መንገድ ዘጋባት። «መጀመሪያ እጅ!» እስከ ክርኗ ታጠበች፤ ውሃው ቤቱን አዳረሰው፣ ድመቷ ሸሽታ አልጋ ስር ገባች። በመጨረሻ ሕፃኗን ተቀበለች።

ሕፃኗ አስነጠሰች።

 አማችየው የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ጥድፊያ ግን ጎንበስ ብላ አየች፤ ከትከሻዋ የረገፈ ቀይ ክር የሕፃኗ አፍንጫ ላይ ተለጥፏል። በሁለት ጣቶቿ አንስታ ለሁሉም ከፍ አድርጋ አሳየች።

«ክር ነው! ክር ነው እኮ!»

«ይማርሽ!» አለ ቤቱ በአንድ ድምፅ። ድመቷ የተጠራች መስሏት ከአልጋው ስር ብቅ አለች።