ካርታውን ሳላየው

ባለፈው ሳምንት ከለቡ መብራት ኃይል ወደ መካኒሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከአንድ ወጣት ጋር ተጣብቄ ተቀምጬ ነበር። ልጁ ስልኩ ላይ ፖከር የሚሉትን የካርታ ጨዋታ ይጫወታል። የሰው ስልክ ማየት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን በዚያ ጥበት ውስጥ ዓይን የት ይሄዳል? ከመጀመሪያው ጀምሮ ዝም ብሎ ሲከተለው የቆየው ተጋጣሚ፣ የመጨረሻው ካርታ ሲገለጥ ለአፍታም ሳያስብ ያለውን መወራረጃ ቺፕ ሁሉ ገፋ። ልጁ ካርታውን ጥሎ ሊተው ሲል አፌ አመለጠኝ።

"አትተውለት፤ ባዶውን ነው።"

ዞር ብሎ አየኝ። "ማዘር፣ በምን አወቅሽ?"

"ማዘር" መባሌን እንደ ምንም ዋጥ አደረግኩት። በምን አወቅሽ ለሚለው ግን መልሱ ረጅም ነው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። መካኒሳ፣ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ሰው ኢንተርኔት ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ጋሽ ደምሴ ጡረታ ወጥተው ስምንት ኮምፒውተር የገዙ፣ ማውሱን ግን እንደ ትኩስ ድንች የሚይዙ ሰው ናቸው። ሥራውን ያገኘሁት የእናቴ ጓደኛ እትዬ ጽጌ ተያዥ ሆነውልኝ ነው። እኔ ባጠፋ የሚጠየቁት እሳቸው ነበሩ። የምቀመጥበት ዋና ኮምፒውተር የደንበኛው ሰዓት ሲያልቅ ይዘጋበታል፤ ከተፈለገ ደግሞ የእያንዳንዱን ደንበኛ ስክሪን ያሳያል። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ክረምት ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ደጃፉ ላይ የሚጠበሰው በቆሎ ሽታ ውስጥ ድረስ ሲገባ፣ የሰፈሩ ልጆች ተሰብስበው በነፃ በሚታደል ቺፕ ፖከር ይጫወታሉ። ገንዘብ የለበትም፤ ያለበት ክብር ብቻ ነው። ክብር ደግሞ በዚያ ዕድሜ ከገንዘብ ይብሳል። ሥራ ሲቀዘቅዝ እኔም እገባለሁ፤ ብዙ ጊዜም አሸንፋለሁ። ልመጻደቅ አይደለም፣ ወይም ትንሽ ልመጻደቅ፤ ከሁሉም የተሻልኩ ነበርኩ።

ዘዴዬ ቀላል ነው። ሌሎቹ የራሳቸው ካርታ ላይ ሲያፈጡ እኔ የተጋጣሚዬን አካሄድ እከተላለሁ። ሊይዝ የሚችለውን ሁሉ በልቤ እዘረዝርና መወራረጃ በጨመረ ወይም በተከተለ ቁጥር የማይሆነውን እሰርዛለሁ። ጨዋታው ሲያልቅ ከዝርዝሩ ሁለት ሦስት ነገር ብቻ ይቀራል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢንያም የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ አንደበቱን ሰፈሩ በሙሉ የሚፈራው ልጅ፣ መጨረሻ ላይ ሁሉንም ገፋብኝ። የያዝኩት ጥንድ ዘጠኝ ብቻ ነው። ቢሆንም ተቀበልኩት፤ ባዶውን ነበር። ከወንበሩ ብድግ አለ።

"ይቺ ልጅ ስክሪናችንን እያየች ነው የምትጫወተው!"

 የሁሉም ዓይን ወደ ዋናው ኮምፒውተር ዞረ። ቆሌዬ ተገፈፈ። ጋሽ ደምሴ ከበሩ አጠገብ ተነስተው መጡ።

"እውነት ነው?"

"አላየሁም፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ጥንድ ዘጠኝ ይዘሽ በምን ድፍረት?"

አካሄዱን ተከትዬ ነው ብል የሚያምነኝ አልነበረም። የማስበው ሥራዬን ብቻ አልነበረም፤ እትዬ ጽጌ በኔ ምክንያት አንገታቸውን ደፍተው ሲሄዱ ይታየኝ ነበር። 

"ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ" አሉ ጋሽ ደምሴ። "ተነሺ። እዚህ እኔ ተቀምጬ የሱን ስክሪን አያለሁ። አንቺ ጥግ ሂጂና ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙረሽ ተጫወቺ። ቢንያም ምን እንደያዘ ጽፈሽ ትሰጪኛለሽ።"

ሁለት ዙር የሚያስጽፍ ነገር ሳይመጣ አለፈ። በሦስተኛው ሁለት ንግሥት ደረሰኝ። ቢንያም ካርታ ገና ሳይገለጥ ጨመረ፤ ስለዚህ ትንንሽ ቁጥር አልያዘም። ጠረጴዛው ላይ ለሁላችን የተገለጡት ደግሞ ሁሉም ትንንሽ ናቸው፤ እሱን አይረዱትም። ከዚያ በኋላ ተራው በደረሰ ቁጥር ለመወሰን የተሰጠው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት እስኪቀረው ይቆይና ዝም ብሎ ይከተላል።

"ኔትወርኩ ነው!" ይላል ጮክ ብሎ።

የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቤቱ ውስጥ ያለው መስመር አንድ ብቻ ነው። ዝናብ ሲያቆመው ለሁላችንም ይቆማል፤ ስምንታችንም በአንድ አፍ እናማርራለን። የኔ ስክሪን ግን ፍጥነቱ እንደተጠበቀ ነበር። የቆመው መስመሩ ሳይሆን ቢንያም ነው። ባዶውን ሲሆን የሚቸኩል ልጅ፣ ዛሬ የፈራ ለመምሰል ይለፋል፤ ትልቅ ጥንድ ይዟል ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ብዙ ቆይቶ ሁሉንም ገፋ። ይህን ያህል የሚያስደፍር ከዝርዝሬ ሁለት ነገር ብቻ ቀረ።

የደንበኛ ሰዓት በምመዘግብባት ቁራጭ ወረቀት ላይ "ሁለት ንጉሥ፤ ካልሆነ ሁለት አስ" ብዬ ጻፍኩና ለጋሽ ደምሴ ሰጠኋቸው። ከዚያ በሁለቱም የሚበለጡትን ንግሥቶቼን ተውኩ። 

ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አደረጉ፤ ወረቀቱን አዩ፣ የቢንያምን ስክሪን አዩ፣ ደግመው ወረቀቱን አዩ።

"ሁለት ንጉሥ" ብለው ጮክ ብለው ከስክሪኑ አነበቡ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔ እውነት ሳያድር ጠራ።  ቢንያም በማግሥቱ ትኩስ በቆሎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ሄደ፤ ይቅርታው ያ ነበር። ጋሽ ደምሴ ግን ያኔውኑ መሳቢያቸውን ከፍተው እትዬ ጽጌ የፈረሙበትን የተያዥነት ወረቀት አወጡና ሰጡኝ።

"ለጽጌ መልሺላት። አንቺ ተያዥ አያስፈልግሽም።"

በጭቃው ውስጥ እስከ እትዬ ጽጌ ቤት የሮጥኩትን ሩጫ እስከ ዛሬ እግሬ ያስታውሰዋል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ወረቀት ተቀብያለሁ፤ ዲፕሎማም አለበት። እንደዚያ ያኮራኝ ግን የለም።

ታክሲው ውስጥ ልጁ ምክሬን ሰማ፤ ተጋጣሚው ባዶውን ሆኖ ተገኘ። ልጁ ሲጮኽ ረዳቱ ደንግጦ ዞረ።

"ማዘር፣ ካርታውን አይተሽው ነው እንዴ?"

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ሥራዬን ሊያሳጣኝ የነበረ ጥያቄ ነው። አሁን ግን ነጠላዬን አስተካክዬ ተመቻቸሁ።

"አላየሁትም" አልኩት፣ ታክሲው በሙሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ። "አውቄው ነው።"

ከዚያም "ወራጅ አለ!" አልኩ።