በስፌት ቤቱ ግድግዳ ላይ የነበረው ለቅሶ

እርጥብ ጨርቅ ላይ ካውያ ሲያርፍ የሚወጣውን ሽታ ታውቂዋለሽ? ዛሬ ጠዋት የልጄን ሸሚዝ ስተኩስ ያ ሽታ ይዞኝ ሄደ፤ የአበሻ ሱቆች በበዙበት ፌርፋክስ ሰፈር እናቴ የተከራየቻት ጠባብ ስፌት ቤት ውስጥ ወስዶ አስቀመጠኝ።

ግድግዳው ላይ ከእኛ በፊት የነበረው ተከራይ ትቶት የሄደ ትልቅ ሥዕል ነበር። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የነበሩ እንግሊዞች ሳሎን ውስጥ ተሰብስበዋል። ጥቁር የለበሰች ሴት ተቀምጣለች፤ ሌሎቹ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል፤ አንዷ ሰሐን ታቀርብላታለች። ጠረጴዛው ሥር ደግሞ ቀይ ሪባን ያሰረች ልጅ ከድመት ጋር ትጫወታለች።

ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ በዲቪ ከመጣን ዓመት አልሞላንም። ክላስ ውስጥ አፌን ከፍቼ አላውቅም፤ ከቋንቋው ይልቅ የሚያስፈራኝ ሳቃቸው ነበር። የታሪክ አስተማሪዬ የቪክቶሪያን ዘመን ኑሮ የሚያሳይ ሥዕል አምጥቼ ካላስረዳሁ ክላሱን እንደምደግም ነገረችኝ። ዛሬ ባልድዊን ሂልስ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳወራሽ ቀላል ይመስላል፤ ያኔ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

"የሻይ ግብዣ ነው" ብዬ ጽፌ ለእናቴ አነበብኩላት። ስፒሎቹን ከአፏ አውጥታ ሳቀች።

"የምን ግብዣ! ለቅሶ ቤት ነው እንጂ።"

ሱሪያቸው እስኪያጥርላቸው በፎጣ ተጠቅልለው መጋረጃ ጀርባ የሚጠብቁት ሽማግሌ ባለታክሲ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። "እንግሊዝ ሻይ ሳይጠጣ ውሎ ያውቃል እንዴ?"

"ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ! እስቲ ይዩዋት። እህል አልወርድ ብሏት ጎረቤቷ 'በሞቴ ቅመሺ' እያለቻት ነው። ለግብዣ የመጣ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይቆማል?"

ባለታክሲው ትንሽ አስተዋሉና ፎጣቸውን እንደያዙ ወደ ሥዕሉ ዝቅ ብለው "እግዜር ያጥናሽ" አሉ። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ።

"ታዲያ ልጅቷ ለምን ቀይ ታስራለች?" አልኩ።

"አልተነገራትማ" አለች እናቴ።

ሳቄ ቆመ። አባቴ የሞተ ጊዜ እኔም አክስቴ ቤት ተልኬ ሳምንት ሙሉ ሱዚ ስጫወት ነበር። ሰፈሩ ሁሉ እያወቀ እኔ ብቻ ሳላውቅ መክረሜ ለዓመታት አንገብግቦኛል፤ ተናግሬው ግን አላውቅም። ያን ቀን አመለጠኝ። "እኔንም እንዲህ ነው ያታለላችሁኝ" አልኳት።

ባለታክሲው ቀስ ብለው መጋረጃውን ዘጉ። እናቴ ማሽኑን አቆመች።

"እኔ ነኝ" አለች። "ዘመዶችሽማ ዛሬውኑ ትረዳ ብለው ነበር። አንድ ሳምንት እንኳ አባት እንዳላት ትጫወት ብዬ ለመንኳቸው።"

ሄጄ ከጎኗ ተቀመጥኩና የሚያጥረውን ሱሪ ጠርዝ ያዝኩላት። ደስ ያለኝ ይመስለኛል፤ ማልቀሴንም አስታውሳለሁ።

በማግስቱ ባለታክሲው ሥዕሉን ኋላ ወንበር ላይ ጭነው ትምህርት ቤት ድራይቭ አደረጉኝ። "ሶ፣ ረጋ ብለሽ ንገሪያቸው" አሉኝ፤ "ለቅሶ የማያውቅ ሕዝብ የለም።"

ክላስ ፊት ቆምኩ። አንዱ በአነጋገሬ ሳቀ። ቀጠልኩ። የጥቁሩን ልብስ፣ የሰሐኑን፣ የቀይ ሪባኑን ነገር አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ስጨርስ አስተማሪዬ ሥዕሉን ጠጋ ብላ አየችና "ይቺ ልጅ ስታድግ አትናደድም?" ብላ ጠየቀችኝ።

"ትናደዳለች" አልኩ። "እናቷን እስክትጠይቃት ድረስ።"