እህት ፍለጋ በመመሪያ መጽሐፍ

በልብስ ስፌት ቤቱ የሥራ ባልደረቦቿ «ሙጫ» ይሏታል። አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም። የአንድ ተማሪ ኮሌታ ሦስቴ ፈትታ ሦስቴ ስትሰፋ ያዩ ሰዎች ስሙን አወጡላት፤ እሷም ሳትከፋ ተቀበለችው።

አሁን የያዘችው ግን ኮሌታ አይደለም። አባቷ በሰባት ዓመታቸው የተለዩአትን ታናሽ እህታቸውን ሳይሞቱ ማየት ይፈልጋሉ። ሐኪሙ ልባቸው ክፉኛ መድከሙን ለሷ ለብቻዋ ነግሯታል። እሳቸው ደግሞ በየማለዳው፣ ዳቦ መጣ ወይ እንደሚል ሰው፣ «እህቴ ተገኘች?» ይላሉ።

«ትገኛለች፣ አባባ።»

ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ የገዛችው መመሪያ ከቦርሳዋ አይወጣም። የቤተሰባቸውን ታሪክ መፈለግ ለሚጀምሩ ሰዎች የተጻፈ፣ ከውጭ ቋንቋ የተተረጎመ መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው ምዕራፍ የቤተሰቡን ስም የሚጋሩትን ሁሉ ሰብስቡ ይላል። ሙጫ ታዘዘች። የአባታቸው ስም ከአያቷ ስም ጋር ለሚገጥም ሴቶች ሁሉ ከስልክ ማውጫ እየለቀመች ደወለች። አንዷማ «ዘመድ ከሆንሽ ነይና ጣሪያዬን አስጠግኚልኝ» አለቻት።

ጨርቅ ቆራጩ መቀሱን አስቀምጦ ሳቀባት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ያ መጽሐፍ የተጻፈው ከቅድመ አያት እስከ ልጅ ልጅ ባንድ ስም ለሚጠሩ ሰዎች ነው። በሱ ከሄድሽ ግማሹ ከተማ አጎትሽ ሊሆን ነው!»

«ይሁን። ግን አባቴና እህቱ ያንድ ሰው ልጆች ናቸው። ስሟም የአባቷም ስም የሚገጥም አንዲት ሴት እንዴት ትጠፋለች?»

ቆራጩ ትከሻውን ነቅንቆ ወደ መቀሱ ተመለሰ።

ወደ መጀመሪያው ምዕራፍ ተመለሰች። የልጅ ነገር መስሏት የዘለለችው ነበር። በዕድሜ የገፋውን ዘመድ፣ የምታውቁትንም ቢሆን ጠይቁ፤ የሰማችሁትን ብቻ ጻፉ ይላል። በእረፍት ቀኗ ደብተር ይዛ አባቷ አልጋ አጠገብ ተቀመጠች።

«ሙሉ ስም?»

«አንቺ ልጅ፣ ስሜ ጠፋሽ?»

«መጽሐፉ ጠይቂ ይላል።»

«መጽሐፉማ አያውቀኝም!»

«እሺ፣ አባትህ የተቀበሩት የት ነው?»

ብርድ ልብሱን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉ። «የትኛው አባቴ?»

እስክሪብቶዋ ቆመ። «ስንት አባት አለህ?»

«የወለደኝና ያሳደገኝ ነዋ። እናትና አባታችን ሲሞቱ እሷን የእናቴ ዘመዶች ወሰዷት፣ እኔን አጎቴ። ትምህርት ቤት ያስመዘገበኝ በራሱ ስም ነው። አባዬ እያልኩት አደግኩ።»

«ይሄን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ!»

ልትቆጣ ቃጥቷት ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ በመታወቂያዋ ላይ ያነበበችው የአያት ስም የአያቷ ስም አልነበረም። ቁጣውን ዋጠችና የወላጅ አባታቸውን ስም ጠይቃ ጻፈች፤ ከሥሩም ሁለቴ አሰመረችበት።

በማግስቱ ፈቃድ ጠየቀች። አለቃዋ «መቶ ሱሪ ሳይዘመዘም?» ብትል፣ «እሁድ ገብቼ እዘመዝመዋለሁ» ብላት ወጣች።

የከተማው መዝገብ ቤት ሠራተኛ የሹራቡ ክርን ላይ ያለው ቀዳዳ በማይመሳሰል ቀለም ክር የተሰፋ ቀጭን ሰው ነው። ብዙ አገላብጦ ራሱን ነቀነቀ።

«በዚህ ስም የለችም፣ እህቴ። በዚያ ዘመን ልጁን የሚያስመዘግብ ስንቱ ነበር?»

«ሌላ ምን መዝገብ አላችሁ?»

«ሌላማ የጠያቂዎች ደብተር ነው። ሰው ፈልገው ያጡ ስልካቸውን ይተዉበታል። ማንም ገልጦት አያውቅም።»

«እኔ እገልጠዋለሁ።»

«ስምንት ደብተር ነው እኮ!»

«ወንበር ካለህ ስጠኝ።»

ከሰዓት በኋላ፣ አምስተኛው ደብተር ላይ፣ ጣቷ አንድ መስመር ላይ ደረቀ። ከስድስት ዓመት በፊት አንዲት ሴት አጎቱ የወሰደውን ወንድሟን ልትፈልግ መጥታለች። የወንድሟ ስም የሙጫ አባት ስም ነው፤ የአባቱ ስም ደግሞ ትናንት ደብተሯ ላይ ሁለቴ ያሰመረችበት። ከጎኑ «አልተገኘም» ተብሏል። እንዴት ይገኝ? በዚያ ስም የሚጠራ ሰው አልነበረማ። እህት በወላጅ አባታቸው ስም፣ ወንድም በአጎታቸው ስም ሲፈላለጉ ኖረዋል።

ኮሪደሩ ላይ ሆና ደወለች። የአሮጊት ድምፅ መለሰላት።

«ወንድምዎን አግኝቻቸዋለሁ። ልጃቸው ነኝ።»

«አገኘነው ካሉኝ ስንተኛዋ ነሽ አንቺ ደግሞ? እሱ ከሆነ ራሱ ያናግረኝ!» ስልኩ ጆሮዋ ላይ ተዘጋ።

ታክሲ ይዛ ቤቷ ገባች፣ እንደገና ደውላ ስልኩን አባቷ እጅ ላይ አስቀመጠች።

«እኔ ነኝ» አሉ አባቷ። እህታቸውንም በልጅነቷ ሲጠሯት በነበረው ስም ጠሯት።

የሴትየዋ ጩኸት እስከ ሙጫ ድረስ ተሰማ፦ «አንተ! በማን ስም ተደብቀህ ነው?»

«በአጎታችን።»

«የአባቴን ስም ጥለህ?»

«እኔ ነኝ የጣልኩት? የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ እኮ!»

«እሺ እሺ፣ አትጩህብኝ... የት ነህ? አሁኑኑ እመጣለሁ።»

አባቷ እንባቸውን እየጠረጉ ስልኩን ለልጃቸው ዘረጉላት። ሙጫ ስልኩን ተቀበለች። ሰፈሩን፣ መንገዱን፣ የቤቱን ቁጥር ቀስ ብላ ሁለቴ ነገረቻቸው።

«ጻፉት?»

«ጽፌዋለሁ።»

«እስቲ ያንብቡልኝ» አለች፣ እስከ መጨረሻው ቁጥር እስኪያነቡላት ድረስም ስልኩን አልዘጋችም።